ሃሪየት ተብማን እና የኮምባሂ ወንዝ ዘመቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃሪየት ተብማን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለሠራችው ሥራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ከነመልሱ እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪየት ተብማን ማን ናት?

በ1822 አካባቢ በሜሪላንድ ግዛት፣ ዶርቼስተር በሚባል ወረዳ በባርነት ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አራሚንታ ነው፤ ቤተሰቡ "ሚንቲ" ይላት ነበር። ገና ልጅ እግር ሳለች አንድ የእርሻ ተቆጣጣሪ በሚሸሽ ሰው ላይ የወረወረው የሚዛን ብረት የእሷን ጭንቅላት መታ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን ሙሉ እንቅልፍ የሚመስል ነገር ድንገት ይጥላት ነበር። እያወራች ሳለ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትነቃና ወሬዋን ትቀጥላለች።

በ1849 አምልጣ ፊላደልፊያ ገባች። እዚያ በሰላም መኖር ትችል ነበር። እሷ ግን እየተመለሰች ወንድሞቿን፣ እናትና አባቷን፣ የምታውቃቸውን ሰዎች በሌሊት ይዛ መውጣት ጀመረች። "ሙሴ" የሚለውን ቅጽል ስም ያገኘችውም በዚህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ይህን የሕይወቷን ክፍል ነው። እዚህ ግን የምናወራው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ጦርነት ነው።

"የምድር ውስጥ ባቡር" የሚባለው እውነተኛ ባቡር ነበር?

አልነበረም። ከባርነት የሚሸሹ ሰዎችን ከቤት ወደ ቤት እያሸጋገሩ ወደ ሰሜንና ወደ ካናዳ የሚያደርሱ ሰዎች ስውር መረብ ነው። መንገድ መሪውን "ኮንዳክተር"፣ መደበቂያ ቤቱን "ጣቢያ" ይሉት ነበር። ልጆች ይህን ጥያቄ ሁሌ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዴ ትልልቆችም።

ጦርነቱ ውስጥ እንዴት ገባች?

ጦርነቱ በ1861 ሲፈነዳ ኒውዮርክ ግዛት ኦበርን ከተማ ቤት ነበራት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሰሜኑ፣ ማለትም የፌደራል መንግሥቱ ጦር በደቡብ ካሮላይና የፖርት ሮያልን ወደብና ዙሪያውን ያሉትን ደሴቶች ያዘ። ነጮቹ ባለእርሻዎች እግሬ አውጪኝ አሉ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ በባርነት የነበሩ ሰዎች ግን እዚያው ቀሩ። ነፃ ናቸው እንዳይባል ሕጉ ገና አልወጣም፤ ባሪያ ናቸው እንዳይባል ጌታው የለም። የሚበላ፣ የሚለበስ፣ መድኃኒት፣ ሥራ፣ ሁሉም ያስፈልጋቸዋል።

የማሳቹሴትስ ገዥ ጆን አንድሩ ይህች ሴት እዚያ ትጠቅማለች ብሎ አሰበ። በ1862 ወደ ፖርት ሮያል እንድትሄድ ያመቻቸው እሱ ነው። የሄደችበትን ሁኔታ ቆም ብላችሁ አስቡት። ከጌታዋ ያመለጠች ሴት ናት። የምትሄደው ደግሞ ከተወለደችበት ሜሪላንድ ርቆ ወደሚገኝ፣ ባርነት ወደጠነከረበት አገር ነው። የሰሜኑ ጦር አንድ ቀን ቢሸነፍ ዕጣዋ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

እዚያ ደርሳ ምን ትሠራ ነበር?

መጀመሪያ ሆስፒታል ገባች። ቦፈርት በተባለችው ከተማ ወታደሮችንና ከባርነት የሸሹ ሰዎችን ታስታምም ነበር። የዚያን ጊዜ ወታደር ከጥይት ይልቅ በበሽታ ነበር የሚያልቀው፤ ተቅማጡ በተለይ ጨራሽ ነበር። እሷ ደግሞ ስራስርና ቅጠል ቀቅላ ማከም ታውቅበታለች።

ከጦሩ መጀመሪያ ላይ ራሽን ይሰጣት ነበር። ከባርነት የወጡት ሰዎች "እሷ ለምን ተለይታ?" ማለታቸውን ስትሰማ ራሽኑን ተወችው። ታዲያ ምን ትብላ? ቀን ሆስፒታል ውላ ማታ ማታ ፓይና የዝንጅብል ዳቦ ትጋግራለች፤ ከስራስር የሚጠመቅ መጠጥም ታዘጋጃለች። በማግስቱ ሰው ቀጥራ በጦሩ ሰፈር ታስሸጣለች። በጦርነቱ ጊዜ ከመንግሥት ያገኘችው ገንዘብ 200 ዶላር ገደማ ነው። እሱንም ቢሆን የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራችበት፤ ከባርነት የወጡ ሴቶች የወታደር ልብስ እያጠቡ የራሳቸውን ደመወዝ እንዲያገኙ። ስለላው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የኮምባሂ ወንዝ ዘመቻ ምንድን ነው?

ከጁን 1 ለ2 አጥቢያ፣ 1863 የተደረገ ወታደራዊ ዘመቻ ነው። የሰሜኑ ጦር በደቡብ ካሮላይና የኮምባሂን ወንዝ በጀልባ ሽቅብ ወጥቶ በዳርቻው ያሉትን የሩዝ እርሻዎች መታ፤ ከ700 በላይ በባርነት የነበሩ ሰዎችንም ጭኖ ወጣ። ወታደሮቹ 300 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ የሁለተኛው ደቡብ ካሮላይና ሬጅመንት አባላት ነበሩ። ማለትም ጥቁሮች፣ ያውም ብዙዎቹ በቅርቡ ከባርነት የወጡ። አዛዡ ኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ፣ መንገድ መሪዋ ሃሪየት ተብማን።

ለምን ያ ቦታ? ለምንስ በዚያ ወር?

የኮምባሂ ዳርቻ ሀብታም የሩዝ አገር ነው። ሩዙ የሚጠጣው በባሕሩ ሞገድ ከፍና ዝቅ የሚለውን የወንዝ ውሃ ነበር። ግድብ ይሠራል፣ የእንጨት የውሃ በር ይገጠማል፣ ውሃ ሲያስፈልግ በሩ ይከፈታል፣ ሲበቃ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ረግረግ ውስጥ ቆመው የቆፈሩትና የሚጠብቁት በባርነት ያሉት ሰዎች ናቸው። ሩዙ የደቡቡን ጦር ይቀልባል፤ ሽያጩ የባለእርሻዎቹን ኪስ ያደልባል።

ወሩ ደግሞ የወባ ወር ነው። በጋው ሲገባ ባለእርሻዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ከረግረጉ ወደ ደጋው ይሸሻሉ። የደቡቡ ጦርም ሰውን ወባ እንዳይጨርስበት አብዛኛውን ኃይሉን ከዳርቻው ያነሳል፤ የሚቀሩት ጥቂት ጠባቂዎች ናቸው። በዚያ ላይ የሊንከን የነፃነት አዋጅ ከጃንዋሪ 1፣ 1863 ጀምሮ ጸንቷል። ስለዚህ ከእርሻው የወጣ ሰው በሕግም ነፃ ነው። ወንዱ ከፈለገ ወታደር መሆን ይችላል፤ የሰሜኑ ጦር ደግሞ ወታደር በብርቱ ይፈልግ ነበር።

ሃሪየት መረጃውን ከየት አመጣችው?

ከሰው። ከዚያው ከወንዙ ዳርቻ ሸሽተው ከመጡ፣ ውሃውን እንደ እጃቸው መዳፍ ከሚያውቁ ሰዎች። በእሷ ሥር ስምንት ወይም ዘጠኝ ቃኚዎች ነበሩ። ሁሉም ጥቁሮች ናቸው፤ ከመካከላቸው የወንዙን ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ቦታ ለይተው የሚያውቁ ጀልባ መሪዎች አሉ። እየሾለኩ ይገባሉ፣ ከእርሻው ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ፣ ጠባቂው የት እንደሚቆም አይተው ይመለሳሉ።

ዋናው ጥያቄ ፈንጂው ነበር። የደቡቡ ጦር ወንዙ ውስጥ ፈንጂ ቀብሯል። የቀበረው ማነው? መኮንኑ አዝዞ ቆሞ ያያል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚቀብረው በባርነት ያለው ሰው ነው። የሠራውን ሰው ካገኘህ ቦታውን አገኘህ ማለት ነው። የሰሜን መኮንን በመነጽር ወር ሙሉ ቢያይ ይህን አያገኝም።

በዚያ ሌሊት ምን ሆነ?

ጁን 1 ማታ ሦስት በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች ከቦፈርት ተነሱ፦ ጆን አዳምስ፣ ሃሪየት ኤ. ዊድ እና ሴንቲኔል። ሃሪየት መሪዋ ጀልባ ላይ ናት። ሴንቲኔል ገና ወንዙ አፍ ሳትደርስ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች፤ ወታደሮቹን ወደ ሌሎቹ አዛውረው ጉዞ ቀጠሉ። ሊነጋጋ ሲል ወንዙ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ጀልባዎቹን ሲያዩ ሸሹ። ወታደሮቹ በየማረፊያው ወርደው ጎተራና ቤት አቃጠሉ፣ የውሃ በሮቹን ከፍተው የሩዙን ማሳ አጥለቀለቁ፣ ወንዙ ላይ የነበረውንም ተንሳፋፊ ድልድይ አወደሙ።

ከእርሻው ወገን የሆነውን ደግሞ አንድ የ88 ዓመት ሽማግሌ በኋላ ለአንድ የሰሜን መኮንን እንዲህ ሲል አጫወተው። ሩዝ ውስጥ እየኮተኮቱ ነበር። ጀልባዎቹ ሲታዩ ሁሉም ዶማውን ጣለ። ጌታው ቆሞ ይጮሃል፦ "ወደ ጫካው ሩጡ! ያንኪ (የሰሜን ሰው) ወስዶ ለኩባ ሊሸጣችሁ ነው!" ሰዉም ሮጠ። ግን በተቃራኒው፣ ወደ ጀልባዎቹ! ሽማግሌውን ከሁሉም በላይ የገረመው ጥቁሮቹ ወታደሮች ናቸው፤ ደፍረው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ከጀልባ ሲወርዱ አየ።

ሃሪየትም ያየችውን ስታወራ እየሳቀች ነበር። ጨርቄን ማቄን ሳይል የሮጠም አለ፤ ቁርሱን ጥሎ መሄድ ያልፈለገም አለ። አንዲት ሴት ከእሳት ያወረደችውን፣ ገና የሚጨሰውን የሩዝ ድስት በራሷ ተሸክማ ትሮጣለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ በአንድ እጁ ግንባሯን ይዞ፣ በሌላው ድስቱ ውስጥ እጁን እየከተተ ሩዙን ይበላል። አሳማ የያዘ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ መንታ ልጆች ያቀፈ ይመጣል። ሁለት አሳማዎችም ተጫኑ፤ ነጩን ቦሪጋርድ፣ ጥቁሩን ጄፍ ዴቪስ አሏቸው። የመጀመሪያው የደቡቡ ጄኔራል፣ ሁለተኛው የደቡቡ ፕሬዚዳንት ስም ነው።

ከዳር ወደ ትልልቆቹ ጀልባዎች የሚያመላልሱት ታንኳዎች ግን ትንንሽ ናቸው። ያልተሳፈረው ሰው "ትታችሁን ልትሄዱ ነው" ብሎ የታንኳውን ጠርዝ ጨብጦ አልለቅም አለ። ቀዛፊዎቹ እጃቸውን በመቅዘፊያ ቢመቱም አልለቀቁም። ያኔ ሞንትጎመሪ ከላይ ሆኖ ሃሪየትን "አንድ ዘፈን በይላቸው" አላት። ዘፈነች። ሰዉ እጁን ወደ ላይ አንስቶ "ክብር!" እያለ ሲመልስላት ታንኳዎቹ ተለቀቁ። የተቀሩትንም እየተመላለሱ አወጧቸው።

ስንት ሰው ነፃ ወጣ?

ከ700 በላይ በሚለው ሁሉም ይስማማል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 756 ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ሃሪየት ራሷ በዚያው ወር መጨረሻ ቦስተን ላለ ወዳጅ ባስጻፈችው ደብዳቤ ውስጥ ነው። እሷ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ እየተናገረች ሌላ ሰው ይጽፍላታል። ደብዳቤው ላይ የባለእርሻዎቹን ቋንቋ በራሳቸው ላይ ታላግጥበታለች፦ ከአመፀኞቹ ላይ ዋጋቸው ውድ የሆነ 756 "የቁም ከብት" ወሰድንባቸው ትላለች። ከእኛ በኩል አንድም ሰው አልሞተም ስትልም ትኮራለች።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከጦርነቱ በፊት በ10 ዓመት ገደማ በሌሊት ጉዞ ያወጣቻቸው ሰዎች 70 አካባቢ ናቸው። በኮምባሂ በአንድ ሌሊትና በአንድ ጠዋት የወጡት ከዚያ አሥር እጥፍ ይበልጣሉ።

ቀሚሷ ተቀደደ የሚባለው ወሬ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ደብዳቤው ላይ አለ። አንዲት የታመመች፣ ልጅ የያዘች ሴት ሁለት አሳማዎቿን መሸከም አቃታት፤ ሃሪየት አሳማዎቹን ተቀበለቻት። "በሩጫ ወደ ጀልባ!" የሚል ትእዛዝ መጣ። እሷም ስትሮጥ ረጅም ቀሚሷን ረገጠችውና ወደቀች። ጀልባ ላይ ስትደርስ ቀሚሱ ብጥስጥሱ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛ ረጅም ቀሚስ ለብሼ ዘመቻ አልወጣም አለች፤ ቦስተን ያሉ ሴቶችም "ብሉመር" የሚባለውን ሱሪ ያለበት ልብስ ከጠንካራ ጨርቅ አሰፍተው እንዲልኩላት ጠየቀች።

የወጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?

ወደ ቦፈርት ተወስደው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አረፉ። ከ100 በላይ የሚሆኑ ወንዶች ወዲያው ወታደር ሆነው ተመዘገቡ። ትናንት ሩዝ ሲኮተኩት የነበረ ሰው በሳምንቱ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሶ ጠመንጃ ያዘ ማለት ነው። ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹና ልጆቹ በስደተኛ ሰፈሮች ኑሮ ጀመሩ። ኑሮው ቀላል አልነበረም፤ በሽታም ችግርም ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙዎቹ ወደዚያው ወደ ኮምባሂ ተመልሰው ኖሩ።

ሃሪየት ከአካባቢው ሰዎች ጋር በቋንቋ ትግባባ ነበር?

በደንብ አይደለም። የዚያ ዳርቻ ጥቁሮች የሚናገሩት ጉላ (Gullah) የሚባለውን፣ የአፍሪካ ቋንቋዎችና እንግሊዝኛ የተዋሐዱበትን ቋንቋ ነው። የሜሪላንዷ ሴት ለእነሱ እንግዳ ናት። ሞንትጎመሪ "ወገኖችሽን አጽናኚልኝ" ሲላት፣ እነሱ ለእሱም ለእኔም እኩል ባዳ ናቸው ብላ እንደታዘበችው በኋላ ተናግራለች። ስለላው ሁሉ የእሷ ብቻ ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው፤ የአካባቢው ቃኚዎች ባይኖሩ ምንም አይሠራም ነበር።

ዛሬ የት ትታሰባለች? ልጆች ይዘን የት እንሂድ?

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ሐበሾች ቅርብ ነው። የትውልድ ስፍራዋ ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ የሁለት ሰዓት ገደማ መንዳት ነው። በ50 መንገድ የቤይ ድልድይን ተሻግራችሁ ቸርች ክሪክ ትደርሳላችሁ፤ በ2017 የተከፈተ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ዙሪያው ረግረግና ጫካ ነው። በሌሊት መሸሽ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ እዚያ ቆሞ ሲያየው ይገባዋል። የወባ ትንኝ መከላከያ ያዙ፤ ወዮላችሁ። ካምብሪጅ ከተማ ደግሞ ሃሪየት ከግድግዳው ወጥታ እጇን የምትዘረጋ የሚመስል ሥዕል አለ። ልጆች እጇን ይዘው ፎቶ ይነሳሉ።

የጦርነቱን ታሪክ የሚፈልግ ግን ደቡብ ካሮላይና መሄድ አለበት። ሰዎቹ በታንኳ በተመላለሱበት አካባቢ ዛሬ ሀይዌይ 17 ወንዙን ይሻገራል፤ ድልድዩ በስሟ ተሰይሟል። ቦፈርት ውስጥ ደግሞ በ2024 የተመረቀ ሐውልት አላት።

20 ዶላር ኖት ላይ ልትወጣ ነበር፤ ምን ደረሰ?

በ2016 የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድሩ ጃክሰንን ተክታ ትወጣለች ብሎ አስታወቀ። በ2019 ነገሩ ወደ ኋላ ተገፋ። በ2021 እንደገና እናፋጥነዋለን ተባለ። ኪሳችሁ ያለውን ኖት ብታዩ ግን አሁንም ጃክሰን ነው። ጃክሰን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ክርክሩ ያን ያህል የሚጋጋለውም ለዚህ ነው። በ2024 መታሰቢያ ሳንቲሞች ወጥተውላታል። ከመካከላቸው የግማሽ ዶላሩ የጦርነት አገልግሎቷን የሚያሳይ ነው።

ዘመቻውን የመራችው እሷ ናት ወይስ ኮሎኔሉ?

እዚህ ላይ ሰው በሁለት ጎራ ይከራከራል። አንዱ "በአሜሪካ ታሪክ የጦር ዘመቻ የመራች የመጀመሪያ ሴት" ይላል። ሌላው "አዛዡ ሞንትጎመሪ ነው፤ እሷ አብራ ሄደች እንጂ" ይላል። ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የኮሎኔሉ እንደነበር ጥርጥር የለውም። እሷ ራሷ በደብዳቤዋ "በጀግናው ኮሎኔል ሞንትጎመሪ መሪነት" ብላለች። በዚያው ደብዳቤ ግን "እኛ ጥቁሮችስ ከዚያ ሥራ የምስጋና ድርሻ አይገባንም ወይ?" ብላ ትጠይቃለች።

በዚያው ዓመት የወጡ የሰሜን ጋዜጦች 300 ወታደሮች በአንዲት ጥቁር ሴት መሪነት የጠላትን አገር ሰብረው እንደገቡ ጽፈዋል። እሷ በ1898 ለመንግሥት ባቀረበችው ማመልከቻ ላይ ያሰፈረችው ከሁሉም ይሻለኛል፦ ነርስ፣ ምግብ አብሳይ እና "የስምንት ወይም ዘጠኝ ቃኚዎች አዛዥ"። ወታደሩን ያዘዘው ኮሎኔሉ ነው፤ የስለላ ቡድኑን ያዘዘችው እሷ ናት። በዚህ ዘመቻ ደግሞ ስለላው ቢከሽፍ ጀልባዎቹ ፈንጂ ላይ ይወጡ ነበር። በእኔ አስተያየት "አብራ ሄደች" የሚለው አባባል ሚዛን አይደፋም።

ቤትና እርሻ ማቃጠሉ ተገቢ ነበር?

በጊዜውም አከራክሯል። ሞንትጎመሪ ከጦርነቱ በፊት በካንሳስ የባርነት ደጋፊዎችን ሲዋጋ የኖረ፣ እጁ የማይመለስ ሰው ነው። ከኮምባሂ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጆርጂያ ውስጥ ዳሪየን የተባለችውን ከተማ አቃጠለ። እዚያ የነበረው የ54ኛው ማሳቹሴትስ፣ የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት፣ አዛዥ ሮበርት ጉልድ ሻው በድርጊቱ ክፉኛ አዘነ።

ኮምባሂን ከዳሪየን የሚለየው ግን ዒላማው ነው። የተቃጠለው ጎተራ የጦሩ ቀለብ፣ የተከፈተው የውሃ በር የባለእርሻው ሀብት ነበር። በዚያ ላይ እርሻው እንዳለ ቢቀር ሰዎቹን መልሶ የሚያስር ቦታ ይሆናል። ከዶማው የሸሹት ሰዎች ጎተራው ሲነድ ያዘኑ አይመስለኝም።

ለአገልግሎቷ ተከፍሏታል?

አጭሩ መልስ፦ በአግባቡ አልተከፈላትም። ጦርነቱ አልቆ በ1865 ወደ ቤቷ ስትመለስ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ የያዘችውን የጦር ሠራተኛ ወረቀት አልቀበልም አላት። አልነሳም ስትል ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆኖ በጉልበት ጎትቶ አወጣት፤ ክንዷ ተጎዳ። አገሯን አገልግላ የተመለሰችበት አቀባበል ይህ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ከ30 ዓመት በላይ የፈጀ ደጅ ጥናት ነው። ለሦስት ዓመት አገልግሎት 1,800 ዶላር ጠየቀች። ጄኔራሎችና ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ሴዋርድ ሳይቀሩ መሰከሩላት፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ሁለተኛ ባሏ ኔልሰን ዴቪስ የጦሩ ወታደር ስለነበር፣ በ1888 ከሞተ በኋላ፣ በ1895 በወር 8 ዶላር የባል ጡረታ ተፈቀደላት። በ1899 ኮንግረስ ወደ 20 ዶላር ከፍ አደረገው፤ ጭማሪው ለነርስነቷ ነው። ለስለላው? ምንም። እሷ ግን ያገኘችውን ሁሉ ለአረጋውያን መጦሪያ ነበር የምታፈሰው። መጦሪያው በ1908 ተከፈተ፤ እሷም በ1913 ኦበርን ውስጥ አረፈች።

"19 ጉዞ፣ 300 ሰው፣ 40 ሺህ ዶላር ሽልማት" የሚባለውስ?

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲመጣ ይዞራል። 19 ጉዞና 300 ሰው የሚለው በ1860ዎቹ መጨረሻ ከታተመ የሕይወት ታሪኳ የወጣ የተጋነነ ቁጥር ነው። ዛሬ ታሪክ አጥኚዎች የሚቀበሉት 13 ያህል ጉዞና 70 ያህል ሰው ነው። የ40 ሺህ ዶላሩ ሽልማት ማስረጃ የለውም። በ1849 ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ስትጠፋ የወጣው ማስታወቂያ ከግዛቱ ውጭ ከተያዙ ለእያንዳንዳቸው 100 ዶላር ይላል።

ሌላው ደግሞ "ባሪያ መሆናቸውን ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ሺህ ሰው ነፃ አወጣ ነበር" የሚለው ጥቅስ ነው። እንዳለችው የሚያሳይ ምንም የለም። ከታሪኩም ጋር ይጣላል። የኮምባሂ ሰዎች በባርነት መያዛቸውን ማንም እንዲነግራቸው አልጠበቁም፤ ጀልባውን ሲያዩ ዶማቸውን ጥለው ሮጡ።

ታዲያ ይህ ዘመቻ ለምን ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ?

አንደኛ፣ የሌሊቱ ጉዞ ታሪክ ለልጆች መጽሐፍ ይመቻል። ሻማ፣ ጫካ፣ ኮከብ አለበት። ጠመንጃ የያዙ ጥቁር ወታደሮችና የሚነዱ የባለእርሻ ቤቶች ግን ለብዙ ዘመን የአሜሪካ መማሪያ መጽሐፍ የሚመች ነገር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሰላይ ደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ስሟ መዝገብ ላይ ስላልነበረ ጡረታዋ ተከለከለ፤ ከሰውም አፍ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ያልረሱትም ነበሩ። በ1974 ቦስተን ውስጥ የተሰባሰቡ ጥቁር ፌሚኒስቶች ማኅበራቸውን "የኮምባሂ ወንዝ ስብስብ" ብለው ሰየሙት፤ በ1977 ያወጡት መግለጫ እስካሁን በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። መንግሥት የነቃው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ ጦር የስለላ ክፍል በ2021 ከታላላቆቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባት። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የሜሪላንድ ግዛት በብሔራዊ ዘቡ ውስጥ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጣት። ከሞተች 111 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ባርነትን በጠመንጃ የታገለው ጆን ብራውን "ጄኔራል ተብማን" ይላት የነበረው ገና ጦርነቱ ሳይጀመር ነበር።

እሷን ብቻ ማስታወስ ሌሎቹን አያስረሳም?

ያስረሳል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። የቃኚዎቹ ስም ተመዝግቦ ቀርቷል፦ ዋልተር ፕላውደን፣ ሞት ብሌክ፣ ቻርልስ ሲመንስ፣ ሰለሞን ግሪጎሪ፣ ፒተር በርንስ፣ ጆርጅ ቺዝም። አይዛክ እና ሳሙኤል ሄይዋርድ የሚባሉም ነበሩ። ሄይዋርድ የሚለው ከኮምባሂ ባለእርሻ ቤተሰቦች የአንዱ ስም ጋር አንድ ነው።

ነፃ የወጡት ሰዎች ማንነትም በቅርብ ዓመታት እየተገኘ ነው፤ የተገኘውም ከጡረታ ፋይል ነው። ወታደር የሆኑት የኮምባሂ ወንዶች ሲሞቱ ሚስቶቻቸው ጡረታ ጠየቁ። መንግሥትም "መጋባታችሁን በምን እናውቃለን?" አለ። የጋብቻ ወረቀት ለባሪያ አይሰጥም ነበርና ጎረቤት ተጠርቶ መሰከረ። ማን ከማን እርሻ እንደሆነ፣ መቼ እንደተጋቡ፣ ልጆቻቸው እነማን እንደሆኑ፣ በዚያ ጠዋት ማን ከማን ጋር ጀልባ ላይ እንደወጣ ተናገሩ። ልጃችሁ ለትምህርት ቤት ስለ ሃሪየት ተብማን የሚጽፍ ከሆነ ከእነዚህ ስሞች ሁለቱን ሦስቱን እንዲጨምርበት ንገሩት፤ አስተማሪውም ምናልባት አዲስ ነገር ይማራል።